ግድግዳችን እየወፈረ ነው

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ተቀባ። አዎ፣ እንደገና። በአራት ዓመት ውስጥ አራተኛው መሆኑ ነው። ተናድጄ እንዳይመስላችሁ። ላመሰግን ነው የመጣሁት።

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሚኒባሶች ተከታትለው ይመጣሉ። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ የኩባንያ ሠራተኞች ይወርዳሉ። ቲሸርቱ ከእሽጉ ሲወጣ የነበረው እጥፋት ገና አልጠፋም። መጀመሪያ ባነሩ ይሰቀላል። ባነሩ ሳይሰቀል ብሩሽ የሚነካ የለም፤ ሳይታይ የተቀባ ግድግዳ እንዳልተቀባ ይቆጠራል።

የዘንድሮዎቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጡት። ሠላሳ ሁለት ሰው፣ ስድስት ባልዲ ቀለም። ለአንድ ባልዲ አምስት ሰው ይደርሳል፣ ሁለት ሰው ይተርፋል። ሁለቱ ትርፎች ድሮን ሲያበሩ ዋሉ።

ጎረቤቴ ቀለም ቀቢ ነው። በሌላው ቀን ሩሎውን ባልዲው ውስጥ ተክሎ መንገድ ዳር ሥራ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ። ያን ቀን አጥር ተደግፎ ትርኢቱን ሲያይ አረፈደ። ስቱኮ የለም፣ መፋቅ የለም፣ አቧራውን በጨርቅ መጥረግ እንኳ የለም። ቀለሙ መስኮቱ ላይ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ፣ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ በነበረች አንዲት እንሽላሊት ጭራ ላይ አረፈ። ጎረቤቴ ሥራውን አልነቀፈም፤ ሙያተኛ ሙያተኛን አይነቅፍም። የገረመው ሌላ ነገር ነው። "አቦ፣ ሃያ ዓመት ስቀባ እንዲህ እየሳቀ የሚቀባ ሰው አላየሁም" አለኝ።

ከዚያ ንግግር ሆነ። አንድ ቲሸርቱን ሱሪው ውስጥ የከተተ ኃላፊ ማይክ ያዘና "ዛሬ የመጣነው ለማህበረሰቡ መልሰን ለመስጠት ነው" አለ። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ወደ እኔ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ "መልሰን? ምን ወስደው ኖሯል?" ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ብለን አጨበጨብን።

ደግሞ ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ዓለም በሙሉ እየቀባ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየዓመቱ ጁላይ 18፣ በማንዴላ ልደት፣ የኩባንያው ሠራተኛ ከቢሮው ወጥቶ 67 ደቂቃ በጎ ሥራ ይሠራል። 67ቱ ማንዴላ ሕዝብ ሲያገለግሉ የኖሩባቸው ዓመታት ናቸው። አንዱ ዓመት በአንድ ደቂቃ ተመነዘረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምንዛሬ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያም አይገኝም። ህንዶች ግን ጨካኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ድርጅቶች ከአማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማህበራዊ ሥራ እንዲያወጡ አዘዙ። ገንዘብ! በቁጥር! ትርፉ ታውቆ፣ ተሰልቶ! የኛዎቹ እንዲህ ያለ ተራ ነገር አያውቁም። የሚሰጡን ራሳቸውን ነው።

ወደ ግድግዳው ልመለስ፤ ከዚህ ቅዳሜ ወዲህ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። የመጀመሪያዎቹ ሰማያዊ ቀቡት። የሁለተኛዎቹ ሎጎ አረንጓዴ ስለነበር በሰማያዊው ላይ አረንጓዴ ደረቡ። ሦስተኛዎቹ ብርቱካናማ። የዘንድሮዎቹ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ። የቀደመውን የፋቀ አንድም የለም፤ የሰውን በጎ ሥራ መፋቅ ነውር ነው። ስለዚህ ግድግዳው ይወፍራል። ከውጭ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ግን ከውስጥም ይቀባል። በዚህ አካሄድ ክፍሉ ይጠባል። ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የሚቀመጡት ልጆች ሁለት ይሆናሉ። ከዚያ አንድ። ከዚያ መምህሩ ደጅ ሆኖ በመስኮት ያስተምራል። መስኮቱ ራሱ ተቀብቶ እስኪደፈን ማለቴ ነው። ሐረር ጀጎልን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ አስገነቡት፤ ዩኔስኮ እስኪመዘግበው ግን 1998 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የኛው ያን ያህል የሚቆይ አይመስለኝም። የሰው ኃይል አስተዳደርና የሽያጭ ክፍል ተባብረው በዓመት አንድ ድርብ እያስነሡት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ቁፋሮ የሚያካሂዱ ምሁራን መጥተው ግድግዳውን እንደ ዛፍ ግንድ ይቆርጡታል። ቀለበቱን እየቆጠሩ ዘመን ይመድባሉ። "ይህ አረንጓዴው የቁጠባ ሒሳብ ዘመን ነው። ይህ ብርቱካናማው የለስላሳ መጠጥ ዘመን ነው። እዚህ ቀጭን ሽፋን ላይ በጀት ተቀንሶ ነበር።" መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ የጠፋ ዳስተርና ሦስት የተማሪ ቦርሳ ያገኛሉ። አንዲት ቢጫ ጭራ ያላት እንሽላሊትም አትጠፋም።

የእህቴ ልጅ እዚያ አምስተኛ ክፍል ነው። "ቅዳሜ ዩኒፎርም ለብሳችሁ 2 ሰዓት ላይ ተገኙ፣ እንግዳ አለ" ተብለው ሄዱ። እንግዶቹ 4:30 ላይ ደረሱ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው ነው የጠበቁት። የድሬን የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ወደቀች። አንድ ቲሸርት የለበሰ ወጣት ሮጦ ደግፎ አነሣት፣ የታሸገ ውሃ ከፍቶ አጠጣት። ልጁን አልወቅሰውም። እሱ ደንግጦ ነበር። ፎቶ አንሺው ግን አልደረሰም ኖሯል። "አንዴ ድገሙት" አለ። ልጅቷ ውሃውን እንደገና ጠጣች።

እዚህ ላይ ማሾፍ አቃተኝ። ያቺ ልጅ የማንም ማስታወቂያ አይደለችም። የዚያ ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ውሃ ካጣ ሁለት ዓመት ሆነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች የወር አበባ ሲመጣባቸው ቤት ይቀራሉ። በወር ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ይህን ሁሉም ያውቃል። ርዕሰ መምህሯ "ቀለሙ ይቅርብን፣ ቧንቧውን አሠሩልን" ብለው ጽፈው ነበር። መልሱ በስልክ መጣ። ከመሬት በታች የሚቀበር ቧንቧ ላይ ሎጎ አይታይም። እንዲህ ብለው ነው የነገሯቸው፣ ሳያፍሩ። በ98 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ እዚሁ ከተማ ሰው ሰውን በእጁ ከጭቃ ሲያወጣ አድሯል። ቲሸርት የለበሰ አልነበረም። ብዙዎቹ ጭራሽ የሚለብሱትንም ጎርፉ ወስዶባቸዋል።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ዘንድሮ የተቀባው ግድግዳ የሳይንስ መምህሩ ግድግዳ ነው። መምህሩ በሁለተኛው ሴሚስተር እረፍት ላይ፣ በራሱ ገንዘብ በገዛው ቀለም፣ የሰውን የምግብ መፍጫ ሥርዓት ሥሎበት ነበር። ከአፍ እስከ መጨረሻው። ሰው ያክላል። ትንሹ አንጀት ሲጠመዘዝ የሙሸበክ፣ የዚያ ጥምዝምዝ ጣፋጭ፣ ትሪ ይመስላል፤ ልጆቹም ሙሸበክ ነበር የሚሉት። ለእንግዶቹ ግን አሮጌ ሥዕል ነው። አፉን ቀቡት፣ ጉሮሮውን ቀቡት፣ ሙሸበኩን ቀቡት። 6 ሰዓት ሲሆን ሆቴል ምሳ ደረሰ ተባለና ሩሎው ባለበት ቆመ። ጉበቱ ተረፈ። ከጉበቱ ጎን ያለው ባዶ ቢጫ ቦታ ለሎጎ ተመቸና ሎጎው እዚያው ተለጠፈ። ቡድኑ በአጠቃላይ የቀባው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በማንዴላ ምንዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለውናል።

ጎረቤቴን ሥዕሉ ተፍቆ ይወጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጠጋ ብሎ በጥፍሩ ጫር አደረገው። "መፋቅ ከመቀባት ይወደዳል" አለ።

ሰኞ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት የምግብ መፈጨት ነበር። መምህሩ እንደ ልማዱ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ግድግዳው ፊት አቆማቸው። ትንሽ ዝም አለ፣ አለ የእህቴ ልጅ። ከዚያ በእንጨቱ እየጠቆመ "ይሄ ጉበት ነው" አላቸው። "ሆዱስ የት ነበር? የሚያስታውስ?"

የእህቴ ልጅ እጁን አወጣ። ሄዶ ጣቱን ሎጎው ላይ አሳረፈ።

"ትክክል" አለ መምህሩ። "አጨብጭቡለት።"