እርማት፦ ከሁለቱ ባትሪ አንዱን ብቻ መቀየር

ሁለት ባትሪ ባለው ከባድ መኪና አንዱ ባትሪ ሲሞት ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ አንድ ወንድማችን «የሞተውን ባትሪ ብቻ ቀይር፣ ደህናው ይሠራልሃል» ብለው የሰጡት ምክር የተለመደ ቢሆንም ስህተት ነው፤ አዲሱንም ባትሪ ያስበላል።

እንደ ሲኖትራክ ባሉ ባለ 24 ቮልት መኪኖች ሁለቱ ባለ 12 ባትሪዎች የሚታሰሩት በተከታታይ ነው፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር። ባትሪዎቹን የሚሞላው ዲናሞ የሚቆጣጠረው ድምሩን፣ ማለትም 28 ቮልት ገደማውን ብቻ ነው። ባትሪዎቹ እኩል ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 14 ይደርሳል። ካልሆኑ አንዱ 13 ላይ ቀርቶ በደንብ ስለማይሞላ ሰልፌት (የውስጥ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገር ጨው) ይይዘዋል፤ ሌላው 15 ገብቶ ውሃው በጋዝ መልክ ያልቃል። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ፦ አንድ ዓይነት፣ እኩል አምፒር፣ የተቀራረበ የምርት ቀን። ከመገጠማቸው በፊት ለየብቻ በቻርጀር ይሞሉ።

ከሁሉ በፊት ግን አንዱ ለምን ቀድሞ እንደደከመ ይታይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ኔጋቲቩ ሻሲ (የመኪናው የብረት አካል) ላይ ከታሰረው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ተስቦ ለቴፕ መሰጠቱ ነው። ያንን ገመድ ነቅላችሁ፣ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግጠሙ። መኪናው ካደረ በኋላ ሁለቱን ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ 12.7 ሌላው 12.2 ካሳየ መዛባቱ ጀምሯል።