አልበሽርን የጣለው የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ አይደለም

ወንድሜ፣ «የሱዳኑን ፕሬዚዳንት አልበሽርን ያወረዱት ሳዑዲና ኤምሬትስ ናቸው፤ ሕዝቡ መጠቀሚያ ነበር» ብለሃል። ይህን ብዙ ሰው ይለዋል። ግን ቀኖቹን ደርድራቸው፣ አይገጥምም።

ነገሩ የተነሣው በዳቦ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2018 በባቡር ሠራተኞች ከተማ በአትባራ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ፓውንድ ወደ 3 ፓውንድ ዘለለ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ካርቱም ውስጥ የጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። በአምስተኛው ቀን አልበሽር ወረደ። የሁለቱ አገሮች የ3 ቢሊዮን ዶላር የእርዳታ ቃል የመጣው ከዚያ 10 ቀን ቆይቶ ነው።

የውጭ እጅ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ከባድም ነው። ግን የጠቀመው ከአልበሽር በኋላ ሥልጣን የያዙትን ጄኔራሎች ነው። ጁን 3 ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች በጥይት ሲበተኑ ከ100 በላይ ሰው እንደሞተ የአገሩ ሐኪሞች ተናግረዋል። ኢንተርኔትም ተዘጋ። እነዚያ ልጆች ግን በየሰፈሩ በቃልና በወረቀት ተጠራርተው ጁን 30 እንደገና አደባባዩን ሞሉት። ይህን በገንዘብ የተገዛ ማለት ሙታኑን መበደል ነው።

ኦገስት 17 ጄኔራሎቹና ተቃዋሚዎቹ የተፈራረሙት የሥልጣን ሽግግር ሰነድም ቢሆን የመጣው ከዚህ ግፊት በኋላ ነው። የአፍሪካ ኅብረትና የእኛዋ ኢትዮጵያ አሸማግለዋል፣ እውነት ነው። ጄኔራሎቹን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጣቸው ግን መንገድ ላይ የነበረው ሰው ነው።