«ጥቅሱን በላሽው» ተባልኩ

አሁን ከፒያሳ መግባቴ ነው። ማኪያቶዬን እንኳን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት።

ነገሩ ያው የምሠራው የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ነው። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት። ዛሬ ባለቤቱ ጓደኞቻቸው ፊት ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት።

«የእናቴን ንግግር ኮፒ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። የጥቅስ ምልክቱ የታለ?»

«ጋሼ፣ ገጹ ላይ አለ እኮ። ምልክቱን የሚስለው ብራውዘሩ ነው። ኮፒ ሲደረግ አብሮ አይመጣም።»

«አሃ! ጥቅሱን በላሁት በይኛ!»

ሳቁ። አስተናጋጁ ሳይቀር። እኔ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ይባስ ብሎ የወንድማቸው ልጅ «እኔ አስተካክዬዋለሁ» አለ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ገብቶ በኪው ታጉ፣ ማለትም አጭር ጥቅስ መሆኑን ለብራውዘሩ በሚነግረው ኮድ፣ ግራና ቀኝ በእጁ የጥቅስ ምልክት ጻፈበት! አሁን ገጹ ላይ ሁሉም ጥቅስ ድርብ ሆኗል። የሰው ያለህ! ኪው ካለ በእጅ አይጻፍም፤ ውስጡም አጠገቡም። ደንቡ ነው። ታጉ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው፣ እኔ ትናንት የፈጠርኩት አይደለም!

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የእናታቸው ንግግር ውስጥ የእናትየው አባት ንግግር አለ፦ «አባቴ ‹እንግዳ ጦሙን አይደር› ይል ነበር።» የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤስ፣ የውጪው ምልክት ድርብ፣ የውስጡ ነጠላ እንዲሆን አዘዝኩ። ኪው ውስጥ ኪው ከተትኩ። መብራት ሌሊት ስድስት ሰዓት መጥቶ ስከፍተው በራሱ ተለይቶ ወጣ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። የእናት ቃል ከአባቷ ቃል ጋር ሳይደባለቅ መቀመጡ ትንሽ ነገር ነው? ልጁ አሁን ያንን አተረማመሰው።

ደግሞ ያ የአዘዞው ደንበኛ! ጽሑፉ ትንሽ ገባ እንዲልለት ብቻ አንቀጹን ሁሉ ብሎክኮት አድርጎት አገኘሁ። ብሎክኮት የረጅም ጥቅስ ታግ ነው፣ ጽሑፍ ገባ ማድረጊያ አይደለም! ያልተናገረውን ሰው ተናገረ ማለት እኮ ነው። ክፍያውንም ከጥምቀት ወዲህ «ነገ» እያለኝ ነው።

ደከመኝ። እውነት ደከመኝ። «ኮምፒውተር ነካ ነካ ነው» የሚለኝ ሰው በዛ።

ይኸው ጋሼ እየደወሉ ነው። አላነሳም። መጀመሪያ የልጁን ምልክቶች ልንቀል፤ አሥራ አራት ቆጥሬያለሁ። ለቴሌግራሙ የእናታቸውን ቃል ራሴ ከነጥቅሱ ጽፌ እልክላቸዋለሁ። ቀሪ ሂሳቤን ደግሞ ነገ፣ እዚያው ጓደኞቻቸው ፊት እጠይቃለሁ።