ከባቡሩ ይልቅ ሕልሙ፦ የባስተር ኪተን ምርጥ ፊልም የትኛው ነው?

ስለ ድምፅ አልባው የፊልም ዘመን ቀልደኞች በተነሣ ቁጥር ከእኛ አገር ተመልካች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ስም ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ባርኔጣውን፣ ከዘራውንና አረማመዱን አንድም ፊልሙን ያላየ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። ባስተር ኪተን ግን ፊልም እንወዳለን በሚሉ ወዳጆቼ መካከል እንኳ «እሱ ደግሞ ማን ነው?» የሚያሰኝ ስም ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥራውን ብቻ ይጠቅሳሉ፤ እሱም በ1926 የተሠራው «ዘ ጄኔራል» ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ዘ ጄኔራል» የኪተን የሥራዎቹ ቁንጮ ነው የሚለው ፍርድ ለረጅም ዘመን ሲደጋገም ከመኖሩ የተነሣ ዛሬ መርምሮ የሚቀበለው ሰው ያለ አይመስልም። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ፊልሙ ታላቅ መሆኑን ሳልክድ፣ የመጀመሪያውን ቦታ የምሰጠው በ1924 ለወጣው ለ«ሼርሎክ ጁኒየር» ነው።

ኪተን በ1895 በካንሳስ ግዛት የተወለደው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የመድረክ ትርኢት ከሚያሳዩ ወላጆች ነው። ገና በሕፃንነቱ ከእናትና አባቱ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ የትርኢቱም ዋና መስሕብ አባት አልታዘዝ ያለ ልጁን አንሥቶ ወዲያና ወዲህ ሲወረውረው ማየት ነበር። ልጁ በዚያ ዕድሜው አንድ ነገር አስተዋለ፤ ወድቆ ሲነሣ ፈገግ ካለ ተመልካቹ ቀዝቀዝ ይላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ኮስተር ካለ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። በእኛም ዘንድ ጨዋታ አዋቂ የሚባለው ሰው ሌላውን በሳቅ እያፈረሰ እሱ ራሱ ፊቱን የማይፈታ ነውና ይህ ምስጢር ለማንም እንግዳ አይሆንም። በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ በዘመኑ ዝነኛ ከነበረው የፊልም ቀልደኛ ከሮስኮ አርበክል ጋር ፊልም መሥራት ሲጀምር ደግሞ መጀመሪያ ያደረገው ካሜራውን ተውሶ፣ ብልት በብልት ፈትቶ አሠራሩን ማጥናት እንደነበር ራሱ ያወጋ ነበር። ከ1920 አንሥቶ የራሱ ስቱዲዮ ኖሮት እስከ 1928 ድረስ 19 አጫጭርና 10 ረጃጅም ፊልሞችን ሠራ። ምርጥ ሥራዎቹን የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ስምንት ዓመታት ብዙም መራቅ አያስፈልገውም።

ድምፅ አልባ ፊልም ንግግሩን የሚያስረዳው በትዕይንቶች መካከል በሚገቡ የጽሑፍ መግለጫዎች ነበር። ኪተን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያስታውስ፣ በዘመኑ አንድ ረጅም ፊልም በአማካይ 240 ያህል መግለጫ እንደነበረው፣ እሱ ግን ቢበዛ ከ56 በላይ ተጠቅሞ እንደማያውቅ ተናግሯል። እንግሊዝኛ ለማያነብ ተመልካች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የውጭ ፊልም በትርጉም ካልሆነ የማይታይበት ቤት ውስጥ አድጌአለሁና ጉዳዩን በቅርብ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበዓል ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ድምፁ በተበላሸ አሮጌ ላፕቶፕ በ1920 የወጣውን «ዋን ዊክ» የተሰኘ አጭር ፊልም አሳየኋት። አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን ታሽጎ የመጣ ተገጣጣሚ ቤት በስጦታ ያገኛሉ። ሙሽራዋን ያጣ ተቀናቃኝ በተንኮል የሳጥኖቹን ቁጥር ይቀያይራል፤ ባልየውም መመሪያውን ሳያዛንፍ ተከትሎ የተንጋደደ፣ በሩ በፎቁ ላይ ወደ ባዶ አየር የሚከፈት ቤት ይገጣጥማል። በመጨረሻ ቤቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ በመኪና ሲጎትቱት የባቡር ሐዲድ ላይ ይቀረቀራል።

ባቡሩ ከሩቅ እየጮኸ ይመጣል። ባልና ሚስቱ ገፍተው ገፍተው ሲያቅታቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ባቡሩ ግን በጎን ባለው ሌላ ሐዲድ ላይ ሽው ብሎ ያልፋል። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሰይ፣ ተመስገን!» አለች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ሌላ ባቡር በተቃራኒው አቅጣጫ መጥቶ ቤቱን እንክትክት አደረገው። «ምነው! የሰው ቤት እኮ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ባልየው በፍርስራሹ ላይ «ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ ተክሎ፣ ሊሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ የአገጣጠም መመሪያውንም ጨምሮበት ሚስቱን ይዞ ይሄዳል። ኪተንን ለማያውቅ ሰው በር ከፋች ይህ ፊልም ነው፤ «ዘ ጄኔራል» አይደለም።

«ዋን ዊክ» ውስጥ ሌላም ጨዋታ አለ። የቤቱ ግድግዳ ተገንድሶ በኪተን ላይ ይወድቅና እሱ በመስኮቱ ክፍት በኩል ተርፎ ይቆማል። ያው ጨዋታ በ1928 በ«ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ውስጥ እጅግ ገዝፎ ተመለሰ። በሳክራሜንቶ ወንዝ ዳር በተሠራ የማስመሰያ ከተማ ዐውሎ ነፋስ ቤቱን ሁሉ እየነቀለ ሳለ፣ ኪተን ግራ ተጋብቶ በቆመበት የአንድ ባለፎቅ ቤት ፊት ለፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል፤ እሱ በላይኛው መስኮት ቀዳዳ ልክ ቆሞ ይተርፋል። ግድግዳው እውነተኛ ክብደት ነበረው፤ በራሱና በመስኮቱ ጠርዝ መካከል የነበረው ክፍተትም በጣት የሚለካ ነበር። ካሜራው ራቅ ብሎ ሰውየውን ከራስ እስከ እግሩ፣ ግድግዳውን ከጣሪያ እስከ መሬት ሳያቋርጥ ያሳያል። ኪተን ካሜራውን ከሩቅ የሚያቆመው ስለ እውነቱ ምስክር እንዲሆነው ነው። ትዕይንቱ ተቆራርጦ ቢቀርብ ኖሮ «ማታለል አለበት» እንል ነበር። የቀረው የፊልሙ ታሪክ፣ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ሽኩቻ፣ ደስ የሚል ቢሆንም እስከ ዐውሎ ነፋሱ ድረስ ትንሽ ያዘግማል።

ወደ «ሼርሎክ ጁኒየር» ልምጣ። ርዝመቱ 45 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ባለታሪኩ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት ወለል የሚጠርግና ፊልም የሚያጫውት፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የመርማሪነት መመሪያ የሚያነብ ወጣት ነው። አንዲት ልጅ ይወዳል፤ ተቀናቃኙ የልጅቷን አባት ሰዓት ሰርቆ በመያዣነት ካስያዘ በኋላ ደረሰኙን በዚህ ምስኪን ኪስ ውስጥ ይከታል። ሌባ ተብሎ የተባረረው ወጣት ወደ ሥራው ተመልሶ ፊልሙን ያስጀምርና ከማጫወቻው አጠገብ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከተኛው ሰውነቱ ውስጥ ሌላ እሱ ተነሥቶ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፎ፣ ስክሪኑ ውስጥ ዘሎ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ደቂቃ ከፍ የማይል ነገር በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ወጣቱ በአትክልት ቦታ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ትዕይንቱ ይቀየርና መኪና በሚተራመስበት ጎዳና መካከል በቂጡ ይወድቃል። ተነሥቶ ሲራመድ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ አጎንብሶ ቁልቁል ሲያይ በአንበሶች መካከል ነው። በረሃ ሲሆን ባቡር አጠገቡን አልፎ ይሄዳል፤ ጉብታ ላይ ሲቀመጥ ጉብታው የባሕር ዐለት ይሆናል፤ ከዐለቱ ወደ ውኃው ሲወረወር በራሱ የሚተከለው በረዶ ውስጥ ነው። ዛፍ ልደገፍ ሲል ዛፉ የለም፤ ወደ አትክልቱ ቦታ ተመልሷል። ይህ ሁሉ የተቀረጸው በተለያየ ቦታና ቀን ነው። ሰውየው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሻገር አቋሙ በስንዝር እንዳይዛነፍ ኪተንና የካሜራ ባለሙያዎቹ ቀያሾች በሚገለገሉበት መሣሪያ የካሜራውን ርቀትና የእሱን መቆሚያ እየለኩ ሠሩት። የሚያስቀው መውደቁ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የመሻገሩ ነገር፣ ማለትም ማንኛውም ፊልም ሳንሰማው በየደቂቃው የሚያደርገው ነገር፣ እዚህ ጋ በሰውየው ላይ እንደ ክፉ ዕጣ ይወርድበታል። የ«ዘ ጄኔራል»ን ታሪክ እሳት ዳር ተቀምጦ በአፍ ማውራት ይቻላል፤ በልቦለድም ሊጻፍ ይችላል። ይህኛውን ከፊልም ውጭ በሌላ በምንም መንገድ መንገር አይቻልም፤ እኔ ያስቀደምኩትም ስለዚህ ነው።

ዋጋም አስከፍሏል። ኪተን በባቡር ጣራ ላይ ሮጦ የውኃ ማጠራቀሚያውን መቅጃ ቱቦ ሲይዝ፣ የጎረፈው ውኃ ከጠበቀው በላይ በርትቶ ማጅራቱን ሐዲድ ላይ አሳረፈው። ራስ ምታት አሠቃይቶት ሥራውን ቀጠለ፤ አንገቱ ተሰብሮ እንደነበረ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ በራጅ ምርመራ ነው። ትዕይንቱ ግን ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ሲወድቅ፣ ተነሥቶም ሲሮጥ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ፈገግ የሚያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ በሕልሙ የዓለም ታላቁ መርማሪ ሆኖ በሞተር ሳይክል እጀታ ላይ ተቀምጦ ያለ ነጂ ሲከንፍ፣ በእውኑ ዓለም ልጅቷ ደረሰኙን ይዛ ሰዓቱ ወደ ተያዘበት ሱቅ ትሄድና «ማን አመጣው?» ብላ ትጠይቃለች። ምርመራው አለቀ። እሱ ከእንቅልፉ ሲነቃ እሷ ይቅርታ ልትጠይቀው መጥታለች፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው በመስኮቱ ወደ ስክሪኑ እያየ የፊልሙን ፍቅረኛ ይቀዳል። እጇን ይዞ ይስማል፣ ቀለበት ያጠልቃል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጥንዶቹ ልጆች ታቅፈው ብቅ ይላሉ፤ እሱም ራሱን ያካል።

አሁን ስለ «ዘ ጄኔራል»። በ1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ የሰሜኑ ወገን ሰላዮች በጆርጂያ ባቡር ሰርቀው የሸሹበት እውነተኛ ታሪክ አለ። ኪተን የሠራው ባቡሩን የተቀማውን የደቡቡን ባቡር ነጂ ነው። የፊልሙ ግማሽ ማሳደድ፣ ግማሹ መሸሽ ሲሆን በሄደበት ሐዲድ መመለሱ በሒሳብ የተሠላ ይመስላል። ነጂው በፍቅረኛው ተንቆ በባቡሩ ጎማ ማያያዣ ብረት ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ባቡሩ ይንቀሳቀስና እንደ ተቀመጠ ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ይሄዳል፤ ሐዘኑ ስላደነዘዘው ወዲያው እንኳ አይነቃም። በሌላ ጊዜ ደግሞ በባቡሩ አፍንጫ ላይ ከባድ ግንድ ታቅፎ ሳለ ሌላ ግንድ ሐዲዱ ላይ ተጋድሞ ያያል፤ የታቀፈውን በተጋደመው ጫፍ ላይ ወርውሮ ሁለቱንም በአንድ ምት ያስወግዳል። በኦሪገን ግዛት በኮቴጅ ግሮቭ አቅራቢያ እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ የተጣለበትን ትዕይንት የፊልም ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስብርባሪው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ እዚያው ወንዝ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ተቺዎችም አብጠለጠሉት። በ1972 ግን የብሪታኒያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ባካሄደው የተቺዎች ምርጫ ከምንጊዜም ምርጥ አሥር ፊልሞች ተርታ ገባ።

እናቴ ይህንንም አይታለች። ግማሹ ላይ ስትደርስ «ይሄ ልጅ የየትኛው ወገን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የደቡቡ መሆኑን ነገርኳት። «ባሪያ የሚሸጡት ናቸው?» አለች። አዎ አልኳት፤ ዝም ብላ ማየቷን ቀጠለች፤ ሳቋ ግን ያው አልነበረም። ታሪኩ የተወሰደው ከሰሜኑ ዘማቾች አንዱ ከነበረው ከዊልያም ፒተንጀር ማስታወሻ ነው፤ ወገኑን ገልብጦ ጀግናውን ደቡባዊ ያደረገው ኪተን ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ተመልካች በጦርነቱ የተሸነፈውን ደቡብ በክፉ ሰውነት ቢያሳዩት አይቀበልም ይል ነበር። ለእሱ የገበያና የድራማ ስሌት ነው፤ ደካማው ወገን የበለጠ ያሳዝናል። ነገር ግን ጦርነቱ የተካሄደበት የባርነት ጉዳይ በፊልሙ ውስጥ ጨርሶ አይነሣም፤ ባንዲራ እየተውለበለበ ጀግናው የመቶ አለቅነት ማዕረግ ሲቀበል በደስታ እንድናጨበጭብ ይጠበቃል። «ያኔ ዘመኑ ነው» ብለው የሚያልፉት አሉ። ዘመኑ መሆኑ ባይካድም፣ ፊልሙን በቁንጮነት የሚያስቀምጡ ተቺዎች ይህን ጉዳይ እንደ እናቴ ሲያነሡ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። «ሰቨን ቻንስስ» (1925) ላይም ተመሳሳይ ቅሬታ አለኝ። በቁጥር የበዙ ሙሽሮችና ቁልቁል የሚንከባለሉ ቋጥኞች የሚያሳድዱት የመጨረሻው ሩጫ እጅግ ድንቅ ነው፤ ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ተዋናይ በአገልጋይነት የሚቀልድበት ክፍል ግን ዓይን ያስጨፍናል።

ከቀሩት መካከል «አወር ሆስፒታሊቲ» (1923) በእኛ ተመልካች ዘንድ ከሁሉም የሚቀርብ ይመስለኛል። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ሰቦች አሉ፤ ወጣቱ ሳያውቅ ጠላቶቹ ቤት በእንግድነት ይገባል፤ ባለቤቶቹም እንግዳን በቤታቸው መግደል ነውር ስለሆነባቸው ከደጃፉ እስኪወጣ ይጠብቁታል፤ እሱም ነገሩ ሲገባው አልወጣም ይላል። እንግዳና ደመኛ በአንድ ሰው ሲገናኙ ያለውን ጭንቀት ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ባዶ መርከብ ላይ ሁለት ሀብታሞች ቁርስ መሥራት አቅቷቸው የሚንከራተቱበት «ዘ ናቪጌተር» (1924) በገበያ በኩል በጣም ከተሳካላቸው ሥራዎቹ አንዱ ነበር፤ እኔ ከመካከለኞቹ እመድበዋለሁ። «ዘ ካሜራማን» (1928) ወደ ትልቁ ኩባንያ ወደ ኤም ጂ ኤም ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሲሆን መልካም ሥራ ነው። ቀጥሎ የሥራ ነፃነቱ ተወሰደበት፤ ኪተንም ወደዚያ መግባቱን የሕይወቱ ትልቁ ስሕተት ብሎታል።

ኪተን ራሱ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚኮራው በ«ዘ ጄኔራል» እንደነበር አውቃለሁ፤ የሙግቴ ደካማ ጎን ይህ ነው ቢባል አልቃወምም። ይሁን እንጂ ማየት ለሚፈልግ የምመክረው ቅደም ተከተል «ዋን ዊክ»ን፣ «ሼርሎክ ጁኒየር»ን፣ «አወር ሆስፒታሊቲ»ን፣ ከዚያም «ዘ ጄኔራል»ን ነው። ሁሉም በአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት መብት ዘመናቸው ያለፈ በመሆኑ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። አንዳንዱ ቅጂ ላይ ከትዕይንቱ ጋር የማይገጥም ሙዚቃ ተለጥፎበታል፤ እንዲህ ዐይነቱ ካጋጠማችሁ ድምፁን ዝጉት፣ እናቴም ያየችው ያለ ድምፅ ነው።