እናቶቻችሁን ደጅ አታቁሙ

ወገኖቼ፣ በተለይ ስልክ የሚታዘዝላችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ባለፈው እሁድ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቴ እማማ ቤት ቡና ላይ ነበርኩ። አንዱ የሰፈር ልጅ ማስቶዶን (እንደ ፌስቡክ ያለ፣ ግን በአንድ ኩባንያ እጅ ያልሆነ ማኅበራዊ ሚዲያ) ሊያስገባቸው አጠገባቸው ተቀምጧል። አፑ ገና ከመከፈቱ ስለ ሰርቨር በእንግሊዝኛ ጠየቀ። «ሰርቨር ምንድነው?» አሉት። «ዝም ብለው ይጫኑት» አላቸው። ተጫኑት። ቀጥሎ ኢሜይል አለ። ኢሜይሉን ድሮ የከፈተላቸው ስልክ የሸጠላቸው ልጅ ነው። ስልኩ ፎርማት ከተደረገ ወዲህ አይገባም፤ ፓስወርዱንም የሚያውቅ የለም። እማማ ስልካቸውን ከልጁ እጅ ወሰዱና «ይቅርብኝ ልጄ፣ ቴሌግራሜ ይበቃኛል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቴሌግራም የጠየቃቸው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ማይኩን ተጭነው ያወራሉ፣ ሲለቁት ይሄዳል። እኛ ግን «አይገባቸውም» ብለን እንነሳለን። ነውር ነው! ያልገባቸው ስላልነገርናቸው ነው።

2015 ዓ.ም. ረሳችሁት? ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር። እኔና እናንተ ቪፒኤን ጭነን ቀጠልን። እማማን ማን አስታወሳቸው? የእድሩ መልእክት በቴሌግራም ነበር የሚደርሳቸው። ጎረቤት ለቅሶ ሲቀመጥ በሦስተኛው ቀን ሰሙ። በአንድ ኩባንያ አፕ ላይ ብቻ ተንጠልጥለው እንዲቀሩ የተውናቸው እኛ ነን።

ማስቶዶን በፈረንጆቹ 2016 ነው የወጣው። ብሉስካይ የተባለው ሌላው ማኅበራዊ ሚዲያም ከ2024 ወዲህ ያለ ግብዣ ለሁሉም ክፍት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እርስ በርሳችን ስናወራበት ለወላጆቻችን የሚሆን አንድ አረፍተ ነገር አላዘጋጀንም።

ሰርቨርን፣ ማለትም አካውንት የሚከፈትበትን ቤት፣ እድር ነው በሏቸው። የእርስዎ እድር አባዶ ነው፣ የእህትዎ እድር አያት ሰፈር ነው። ደንቡም አስተዳዳሪውም የየራሱ ነው፤ መጠያየቁ ግን አይቀርም። ልዩነቱንም አትደብቁ። ከእድር የለቀቀ ያዋጣው ይቀርበታል። ከአንድ የማስቶዶን ሰርቨር ወደ ሌላ ሲዛወሩ ግን ተከታዮች አብረው ይመጣሉ፣ የጻፉት ነው እዚያው የሚቀረው። እንዲህ ብትነግሯቸው የማይገባው ማን ነው?

እንግሊዝኛ የምትችሉ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተርጉሙ። የማስቶዶንን ገጽታ ወደየቋንቋው የሚመልሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደጁ ለእኛም ክፍት ነው። ስትተረጉሙ ግን መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ አማርኛ አታምጡብን። እማማ «ፖስት አደረገ» ሲባል ይገባቸዋል።

ስታሳዩ ስልኩን አትቀሟቸው። ጣታቸው ራሱ ይጫን፣ ይሳሳት፣ ይመለስ። ጥድፊያችሁ ያሳፍራቸዋል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠይቅም። እኔም እናቴን እንዲህ አድርጌአታለሁ። ከእጇ ነጥቄ «ጨረስኩልሽ» ብዬ ሰጠኋት። ያንን አፕ ዳግመኛ አልከፈተችውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ ማታ ተመልሼ እማማ ዘንድ ሄድኩ። አዲስ ኢሜይል ከፈትን፤ ይኸው ብቻ ሰዓት ፈጀ። ፓስወርዱን በመዋጮ ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉት፣ ደብተሩንም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ሰርቨሩ ጋ ገና አልደረስንም። ለእሁድ ቀጥረውኛል።