አጨብጭበን የቀማናት ደራሲ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለመጽሐፍ ወዳዶቹ ነው። የማያነበውንማ ምን ብዬ እወቅሰዋለሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የመጻሕፍት ሽልማት ነበር። የሸላሚውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በረጅም ልቦለድ ያሸነፈችው ደራሲ ስትጠራ ቆመን አጨበጨብን፤ እልል ያለም ነበር። እህቷ በሩ አጠገብ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ትጠብቃለች። ሰልፍ ተያዘ። ለመግዛት እንዳይመስላችሁ! አንዱ መጽሐፉን ያነሣል፣ ደራሲዋን ተጠግቶ ሽፋኑን ወደ ካሜራው ያዞራል፣ ይነሣል፣ ይመልሰዋል። ቀጣዩም ያንኑ ቅጂ ያነሣል። ነጩ ሽፋን በእጅ ብዛት ጠርዙ ጠቆረ። አንዷማ «በነጻ አይደለም እንዴ?» አለች። እህትየው ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ይህን እንኳ ይቅር ባልኩ። ማታ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከተሰላፊዎቹ አንዱ፣ ሱፍ የለበሰው፣ ፎቶውን ለጥፎ «ኩራታችን!» ብሏል። ከሥሩ «ፒዲኤፉ ያለው?» ተባለ። እርሱው ራሱ «ታገሱ፣ ስካን እየተደረገ ነው» ብሎ መለሰ። ሰኞ ሙሉው ተለቀቀ፤ ገጾቹ ዳር ላይ የገላጩ አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ምርቃቱ ወረደ፦ «ዘርህ ይባረክ!» ከሰው ጉሮሮ ነጥቆ ላደለ ምርቃት!

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። እኛ ሦስት ቀን መታገሥ አቃተን። እነ ከበደ ሚካኤልንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የሸለመው የንጉሡ ዘመን ድርጅት በአብዮቱ ቀረ ብለን እንቆጫለን፤ ሆሄ የተባለው የመጻሕፍት ሽልማት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ተደስተን ነበር። ዋንጫ ግን የማተሚያ ቤት ዕዳ አይከፍልም።

ውድ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ወረቀት እሳት ሆኗል። ለሌለው ግን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፣ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ለሦስት አዋጥቶ መግዛትም ነውር አይደለም። ሱፍ ለባሹ ደግሞ የቸገረው አይደለም፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ራይድ ሲጠራ አይቼዋለሁ።

እባካችሁ፣ ፋይሉ ስልካችሁ ውስጥ ያለ አንብባችሁ ከወደዳችሁት ለገሃር ወርዳችሁ ግዙት። ከአዟሪዎቹ አታጡትም። ደራሲዋ ይህ ሁሉ ሆኖባትም ሁለተኛውን ጀምራለች አሉ። ምናልባት ለእርሱ እንደርስላት ይሆናል።