ሽማግሌ የተላከባት ላሜራ

አዳማ ውስጥ ብረት አይሞትም፤ ሥራ ይቀይራል እንጂ። ይህን የተማርኩት ከአባቴ የወረስኳትን አሮጌ ቬስፓ ሞተር ሳይክል አድሳለሁ ብዬ በተነሣሁ በሦስተኛው ወር ነው። ከግቢያችን ጥግ ጆንያ ለብሳ ዓመታት ስትቀመጥ ያልተወሰደባት ነገር ጥቂት ነው። ካርቡራቶሩ የለም፣ የፊት ጭቃ መከላከያው፣ ፓራፋንጎው፣ የለም፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሞተሩን የሚሸፍነው የቀኝ ጎኗ የለም። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው፤ ውበቷም ግራና ቀኝ እንደ ተርብ ሆድ በተነፋው ላሜራዋ ነው። የእኔዋ የግራው ብቻ ስለቀራት፣ ጥርሷን አሟት አንድ ጉንጯ ያበጠ ሴት ትመስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ገበያ የወጣችውን ቬስፓን የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። እንደ ሌሎች ሞተር ሳይክሎች የቧንቧ አጥንት አልሠራላትም፤ ተጨፍልቆ ቅርጽ የወጣለት ላሜራ ራሱ አካሏ ነው። ሰውየው ያላሰበው አንድ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለው አካል ለጓዳ ዕቃነት የቱን ያህል እንደሚመች ነው።

ፍለጋዬን ከቆራሌው ጀምሬ እስከ ብረታ ብረት ማከማቻዎቹ ዘለቅሁ። እዚያ ሚዛን አለ፤ ብረት በኪሎ ይገዛል፣ በኪሎ ይሸጣል። ደንበኛው የፈለገው ብረት ግን ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ዋጋው የሚነበበው ከደንበኛው ፊት ነው። አንድ ቀን ከተቆለለው ውስጥ የፊት ፓራፋንጎ አየሁና ግድ እንደሌለው ሰው በእግሬ ነካ አደረግሁት። ባለቤቱ ግን እግሬን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የሚያየው።

«እሱማ የጣሊያን ዕቃ ነው» አለኝ።

«ከመምጣቴ በፊትስ ምን ነበር?»

«ከመምጣትህ በፊትማ ብረት ነበር።»

ከፈልኩ። ባልከፍል ኖሮ ወደ ማቅለጫ ተጭኖ የአርማታ ብረት ሆኖ ይመለስ ነበር። እስከ ዛሬ በአዲስ ፎቅ ሥር ሳልፍ ቀና እላለሁ፤ ከቬስፓዬ የጠፋ አንድ ብረት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምሰሶ ደግፎ ቆሞ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ጋራዥ ስገባ ደግሞ የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ቃሉ ግን ዘይት እየጠጣ በየጋራዡ ቀርቷል። የጠፋው ዕቃው ነው። ከዕቃ ሁሉ ደግ ሆኖ ያገኘሁት የሚሽከረከር ዘንግ የሚይዘውን ኩሽኔታን ነው። 6203 የሚል ቁጥር ካለበት የውስጡ ስፋት 17፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከልብስ ማጠቢያም ይውጣ ከውኃ መሳቢያ፣ ዘር ሳይጠይቅ ይገባል። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ዘመድ የለኝም።

ዘመድ ካልኩ አይቀር፣ ከተማውን ያጥለቀለቁት ባጃጆች ለቬስፓዬ የአክስት ልጆች ናቸው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቬስፓን በፈቃድ ያመርት ነበር። ይህን ይዤ አንድ የባጃጅ መካኒክ ዘንድ ሄድኩና ዝምድናውን ዘርዝሬ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ይህ ዝምድና ለለቅሶ እንጂ ለመለዋወጫ አይሆንም» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

የቀኝ ጎኗን ያገኘልኝ አንድ ባለጋሪ ነው። ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ጎራ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ እናት ዶሮ ተኝታበት አየ። ሮጥኩ። እውነትም እሷው ናት፤ ተገልብጣ ጭድ ተጎዝጉዞባታል፣ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቿ በኩል ጭዱ ብቅ ብቅ ብሏል፤ ከኩሱ ሥር የፋብሪካው አረንጓዴ ቀለም ይታያል። እጄን ብዘረጋ ዶሮዋ ጫፉን ነከሰችኝ። ባለቤቷ እናት ደግሞ ስለ ገንዘብ መስማት አልፈለጉም። ስለዚህ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁ፤ አጎቴን፣ ባለቶርኖውንና አንድ ጎረቤት።

«እማማ፣ ልጃችን ከቤትዎ ያለችውን ላሜራ ወዶ ነው» አሉ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ዶሮዬ ከታቀፈች ገና ሦስት ቀኗ ነው» አሉ እማማ።

ዶሮ የምትታቀፈው 21 ቀን ነውና 18 ቀን እንድጠብቅ ተፈረደብኝ። በየሁለት ቀኑ ጥሬ ይዤ ዶሮዋን ልጠይቅ ሄድኩ። ባለቤቴ «እኔን ስታጨኝ እንኳ ይህን ያህል አልተመላለስክም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከ11 እንቁላል 9 ጫጩት ወጣ። እማማ ላሜራዋን በአመድ ፈትገው፣ አጥበው፣ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው አስረከቡኝ። አሁንም ብር አልተቀበሉም። በር ላይ ሲሸኙኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የግራው አንተ ዘንድ አለ አሉ። ሌላዋ ዶሮዬ መታቀፍ አምሯታል» አሉኝ።

ሳቅሁና ወጣሁ። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ፤ አንደኛው የራሴ አጎት ነበሩ።